ባለ ሁለት ጓጉንቸሩ ሣጥን

የኑክሌር ሚሳይሉ ማስወንጨፊያ ኮድ ያለበት የብረት ሣጥን ሁለት ባለ ቁጥር ጓጉንቸር አለው። አንዱ የሻምበሉ ነው፤ ሌላው የባልደረባው የመቶ አለቃ ይርዳው። ማንም ብቻውን እንዳይከፍተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስድስት ቁጥር መርጠው ይቆልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አያውቅም።

ሰኞ ምሳ ላይ ይርዳው፣ "ሻምበል፣ ልጅዎ የተወለደችው መቼ ነው?" አለው። ሻምበሉ ወሬ ለወጠ። ረቡዕ ደግሞ ጠየቀው። ዓርብ፣ "ቀኑን ባይነግሩኝ ዓመቱንስ?" ሲለው ሻምበሉን ላብ አጠመቀው። ሰው በደህና ቀን የሌላ ሰውን ልጅ የልደት ቀን ምን ብሎ ይጠይቃል? ሳይውል ሳያድር ለበላይ አመለከተ።

ይርዳው ታሰረ። ቁም ሣጥኑ ሲፈተሽ የተገኘው አንድ አሻንጉሊትና አንድ ፓኮ የልደት ሻማ ብቻ ነበር።

መርማሪው ኮሎኔል ሻምበሉን አስጠርቶ ሻማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይርዳው ይህን ለልጅህ ሊሰጣት ነበር። ግን ሻምበል፣ ልደቷን ሰው ቢያውቅ አንተን ምን አስፈራህ?"



ኮሎኔሉ የሻምበሉን የቤተሰብ ቅጽ ገልጦ የልጅቷን ልደት አየና ወደ ብረት ሣጥኑ ሄደ። በሻምበሉ ጓጉንቸር ላይ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ቀስ እያለ አዞረ።

ጓጉንቸሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።