ከእርሻው ዳር የወጣው አጥንት

ጎርፉ ከእርሻቸው ዳር የሰው አጥንት ገልጦ ባወጣ ዕለት አባቱ ምንሽሩን አቀበለው።

«አምና የጠፋው ወንድምህ ነው። ገዳዩም ጎረቤታችን ይርሳው ነው። ምን ትጠብቃለህ? ቀሚስ ልግዛልህ?»

ልጁም ይርሳው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ደረሰበት። ደረቱን በጥይት በሳው፤ ትልሙ ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥም ፊቱን በሰደፍ አደቀቀው። ከዚያም «የወንድሜን ደም መለስኩ!» እያለ እየፎከረ ለፖሊስ እጁን ሰጠ።

ዓቃቤ ሕጉ አጥንቱ የጠፋው ወንድሙ መሆኑን በዘረመል ምርመራ ለማረጋገጥ ከተከሳሹ ምራቅ አስወስዶ ነበር። በችሎቱ ቀን የምርመራ ባለሙያዋ ቆማ መሰከረች።

«አጥንቱ የሴት ነው፤ ሴትዮዋም የተከሳሹ ወላጅ እናት ናቸው።»

«እናታችሁ ጥላን ኮበለለች» እያለ ያሳደገውን አባቱን ዞሮ ፈለገው። ሽማግሌው ጋቢውን ሰብስቦ ወደ በሩ እየተራመደ ነበር።