የኮሪያ ቃሪያ በሜክሲኮ ቂጣ

«በርበሬ እኔን አይቶ ያለቅሳል እንጂ እኔ በበርበሬ አላለቅስም!» አለች ልጅቷ፣ ምግብ ከሚሸጥበት መኪና መስኮት ትኩሱን ጥቅል እየተቀበለች። የሜክሲኮ ቂጣ ነው፤ ውስጡ የኮሪያ ቃሪያ ታጭቆበታል።

ታላቅ ወንድሟ ሳቀ። «ውሃ ሳትጠጪ ከጨረስሽው፣ ሁለተኛ አልቃሻ ብዬ አልጠራሽም።»

በመጀመሪያው ጉርሻ ጆሮዋ ጋለ፤ በሁለተኛው አፍንጫዋ ፈሰሰ። የውጩ ሽፋን አልታኘክ ቢላትም፣ የሰው አገር ቂጣ እንዲህ ነው ብላ በግድ ዋጠችው። ወንድሟ የውሃ ጠርሙሱን ፊቷ ላይ ቢያወዛውዝም ዞር ብላ አላየችውም። የመጨረሻዋን ቁራሽ ውጣ ባዶ እጇን ወደ ላይ ስትሰቅል፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ አጨበጨበላት።

«በቃ፣ አንበሳ ነሽ!» አለ ወንድሟ።

ሻጯ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ የልጅቷን ባዶ እጅ አየች።

«ጎበዝ፣ የኔ እናት። ሌላው ሰው ግን ወረቀቱን ልጦ ነው የሚበላው።»