ቀይ እስክሪብቶ

የወንጀል ልብ ወለዷን ረቂቅ ከማንም በፊት ያስነበበችው ለጋሽ አጥናፉ ነው። ጋሽ አጥናፉ አማርኛ ያስተማሯት የሰፈሯ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም ወዲህ ስህተት ካዩ ሳያርሙ አያልፉም፤ የለቅሶ ማስታወቂያ እንኳ አይቀራቸውም።

ታሪኩ የወንድሟ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሬሳው ስላልተገኘ እናቷ ድንኳን ሳትጥልለት፣ በር በሩን እያየች ሞተች። ያኔ ጋሽ አጥናፉ ሰፈሩን አስተባብረው ሲፈልጉት ከርመዋል። «ምነው ያን ዕለት ሰፈር በኖርኩ!» እያሉም አልቅሰዋል።

«ግሩም ጽፈሻል፣ ልጄ» አሏት ረቂቁን እየመለሱላት። «ጉድለቱ መጨረሻው ላይ ነው። ገዳዩን ሳታሳውቂን ጨረስሽው። አንባቢ ይቀየምሻል።»

«እኔስ መች አወቅኩት፣ ጋሼ?»

ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ስምንተኛው ገጽ ላይ ልጁ ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ከቤት ይወጣል። እናቷ ለፖሊስ የተናገረችው፣ ሰፈሩም የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ያን ዕለት እህቱ መንገድ ላይ በርዶት ስታገኘው የራሷን አረንጓዴ ሹራብ አውልቃ ከላይ እንደደረበችለት ግን የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። መጨረሻ ያየችው እሷ መሆኗን መናገር አቅቷት፣ እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰችም።

«ሰማያዊ» የሚለው ቃል በቀይ ተሰርዟል። ከበላዩ፣ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው፣ «አረንጓዴ» ተብሎ ታርሟል።

ቀና ብላ አየቻቸው። ጋሽ አጥናፉ የእስክሪብቷቸውን ክዳን እየገጠሙ፣

«ሌላው ሁሉ ልክ ነው» አሏት።