የባልጩቱ ስለት

ፕሮፌሰር መንገሻ ቆፍሬ አገኘሁት ያሉትን የባልጩት ድንጋይ መፋቂያ ረዳት ተመራማሪያቸው እንድትመረምረው የሰጧት፣ "አርባ ሺህ ዓመት ሆኖታል" ብለው በቴሌቪዥን ካወጁ በኋላ ነበር። በድንጋይ ስለት ላይ የቀረውን ጭረት አይቶ ለምን ሥራ እንደዋለ መለየት ሙያዋ ነው። እሳቸው ግን የፈለጉት የማረጋገጫ ፊርማዋን ብቻ ነበር።

"እንግዶቹ አዳራሽ ገብተዋል፤ አንቺ ገና ድንጋይ ታገላብጫለሽ?" ብለው ጮኹባት።

"ሳላየው ልፈርም?" ደሟ ፈላ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች።

ስለቱ በስብ እንደታሸ ለስልሷል፤ ቆዳ ተፍቆበታል። ጭረቶቹ ያዘነበሉበት አቅጣጫ የያዘው ሰው ግራኝ እንደነበር ይናገራል። የተሸረፈው ጫፉ ላይ ቀጭን የብረት መስመር ያብለጨልጫል። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም።

"ምን አገኘሽ?"

"ቆዳ ፋቂው ግራኝ ነው።"

የፕሮፌሰሩ ፊት በራ። ክንዷን ይዘው መድረክ ላይ አወጧትና "ግራኝ መሆኑን ሳይቀር ደርሰንበታል!" አሉ። ጭብጨባው ሲበርድ አንዲት ጋዜጠኛ የምን እንስሳ ቆዳ እንደነበር ጠየቀች።

"የፍየል!" አለች ማይክሮፎኑን በግራ እጇ ከእጃቸው ነጥቃ። "ቆዳ ምን ዓይነት ጭረት እንደሚተው ለማወቅ ድንጋዩን ጠርቤ የፋቅሁበት እኔ ነኝ። ጫፉን የሸረፈው ቆዳውን የወጠርኩበት ሚስማር ነው። ከመደርደሪያዬ ወጥቶ እንዴት መሬት ውስጥ እንደገባ እሳቸውን ጠይቋቸው። የፍየሏን ሥጋ እንደሆነ ባለፈው የገና በዓል አብረን በልተነዋል።"