ለጠያቂ የተገለጠ ከንፈር

ሐኪሙ የእመቤትን የላይኛ ከንፈር በጣቱ ገልጦ አየ። የፊት ጥርሷን ነቅሎ በዚያው ዕለት ለአዲሱ ጥርስ ብሎን አጥንቷ ውስጥ ሲተክልላት፣ ከላንቃዋ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ ድዷ ላይ ሰፍቶላት ነበር። አሁን መስታወት አቀበላት። ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ አመድ መስሎ ከስፌቱ ተላቅቋል፤ ከሥሩ ብሎኑ ያብረቀርቃል።

«ሥጋው ሞቷል» አላት። «ብሎኑም መውጣቱ ነው። አትንኪው ብዬሽ አልነበር?»

«አልነካሁትም።»

እውነቷን ነበር። ፈርታ በምላሷ እንኳ አልደረሰችበትም። ግን ታመመች ሲባል የእንጅባራ ጎረቤቷ፣ የአዘና ዘመዷ፣ የእድሯ ሰው ሁሉ ሊጠይቃት መጥቶ ነበር። ሁሉም አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ «እስኪ እንየው» ይላታል። ደክሞ የመጣን ሰው እንዴት እምቢ ትላለች? ከንፈሯን በሁለት ጣቷ ወደ ላይ ስባ ታሳያለች። ሰዎቹ ከንፈራቸውን ይመጥጡላታል፤ እሷም ለሚቀጥለው ጠያቂ መልሳ ትገልጣለች። ይህንኑ ለሐኪሙ ነገረችው።

«ከንፈርሽን ስትስቢ ነው ስፌቱ የላላው» አለ ሐኪሙ፣ ጓንቱን እያወለቀ። «ከእንግዲህ ሌላ ሥጋ ብሰፋልሽም የሚይዝልሽ አይመስለኝም።»

የሕክምናው ክፍል በር ላይ አክስቷ ቆመው ነበር። ሊጠይቋት ከጫግኒ በሚኒባስ መጥተው፣ ቤቷ ቢያጧት ወደዚህ መምጣታቸው ነው፤ ነጠላቸው አቧራ ለብሷል።

«እግዜር ይማርሽ ልጄ» አሏት። «ሳላይሽ ቀረሁ ብዬ እንዴት እንደተጨነቅሁ። እስኪ ልየው።»

እመቤት አቧራውን አየች። ከዚያ ሁለት ጣቷን አነሳችና ከንፈሯን ገለጠችላቸው።