የሦስት ቀን መራራ

«ከምርመራ በፊት ሦስት ቀን የመራራ ቅል ጭማቂ የጠጣ ሰው፣ ደሙ አያሳብቅበትም!» እያለች ሰናህ በኮታ ባሩ ከተማ ገበያ ላገኘችው ሁሉ ታወራ ነበር። ጎረቤቷ ሮሃያ፣ ያቺ ጣፋጭ ሻጭ፣ ሰምታ ፊቷን እያጨማደደች ሦስት ቀን ጠጣች። የስኳር ሕመም አለባት፤ ሰውነቷ ኢንሱሊን አልሰማ ብሏል፤ የዛሬው ውጤት ካልወረደ መርፌ ልትጀምር ነው። መርፌን ደግሞ ከአማቷ አብልጣ ትፈራለች። በጤና ጣቢያው ነርሷ የውጤቱን ወረቀት ስታነሳ፣ ከጠርሙሱ የቀረችውን ጭማቂ ለማንኛውም ብላ ግጥም አደረገቻት።

«እሰይ አክስቴ! ስኳርዎ ወርዷል። ሰውነትዎ ኢንሱሊኑን መስማት ጀምሯል፤ መርፌው ይቅር።»

«ሰናህ ትሙት፣ ጭማቂው ነው!» ሮሃያ ባዶውን ጠርሙስ እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገችው።

«የምን ጭማቂ? ይሄ ምርመራ የሦስት ቀን ነገር አይቆጥርም። የሦስት ወሩን ነው የሚናገረው።»

ጠርሙሱ ቀስ እያለ ወረደ። ሦስት ወር? ሦስት ወር ሙሉ እኮ በባሏ ሻይ ቤት እየተቀመጠች፣ በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት የወፈረ ሻይ በቀን ሦስቴ ስትጠጣ ነበር! አብሯት ወደ መጣው ባሏ ዞረች። እሱ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«አንተ! ምን አድርገህ ነው?»

«ከጣፋጩ ወተት በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ስቀንስልሽ ነበር» አለ ሳቁን አፍኖ። «ሁለት ወር ሆነ እኮ፣ ስኳር የሌለው ተራ ወተት ነው የምትጠጪው። ትናንት እንኳን ‹ዛሬስ ጣፋጩን አበዛኸው› ብለሽ ጮኸሽብኛል።»