ግማሽ ዋጋ

ሽንኩርት ነጋዴው ንጋቱ ፒክአፑን ገና ሲያየው ልቡ ሄደ። ከአራት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሮጠ አሮጌ መኪና ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ድምፁ የአዲስ ያህል ጥርት ያለ ነው፤ ሻንሲውንም ዝገት አልነካውም። ይዞት የሄደው መካኒክ ከሥሩ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ይሄማ ገና ልጅ ያሳድጋል» ሲል በጆሮው ሹክ አለው።

ንጋቱ ሆን ብሎ ፊቱን አጨፈገገ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ይሄ እኮ ዕድሜውን የጨረሰ መኪና ነው። ከጠሩት ዋጋ ግማሹን ብሰጥዎ ነው።»

ባለመኪናው ጋሽ ሽብሩ በክርክር የሚረቱ ሰው አልነበሩም። ያን ዕለት ግን ስልካቸውን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ «የኔ ልጅ፣ ትንሽ ጨምርልኝና ዛሬውኑ ውሰደው» ብለው ለመኑት።

ንጋቱ ልመናውን ሲሰማ ውስጡ ደስ አለው። ሰውየው ቸግሯቸዋል፤ ጥቂት ቢታገሣቸው እሱ ባለው ዋጋ እሺ ይላሉ። «እስቲ ላስብበት» ብሎ ሄደ። ማታ ደጋግመው ቢደውሉለትም አላነሳም።

በሦስተኛው ቀን ገንዘቡን ይዞ ሲመጣ፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛው ሞልቷል። ጋሽ ሽብሩ ሲያዩት ከመሃል ተነስተው ወደ በሩ መጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ። ማን ሞቶ ነው?»

«የመጨረሻው ልጄ ነው። መንገድ ላይ አግተውት ነበር። የጠየቁት ገንዘብ በቀኑ አልሞላልኝም» አሉና የመኪናውን ቁልፍ መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። «ባልከው ዋጋ ውሰደው። ሬሳውን ያመጣነው በሱ ነው፤ ኋላው ገና አልታጠበም።»